ከሀዲዱ ዳር ያለው ጠጠር ትርፍ አይደለም

ባለፈው ክረምት የባቡር ሀዲድ አጠገብ ወዳለ አንድ ሰፈር ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ ጭቃው ግን ጫማ ያወልቃል። አንዲት እናት ሳፋ ይዘው ከሀዲዱ ዳር ጠጠር ይለቅማሉ። ደጃቸው ማጥ ሆኖባቸው ነው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የባቡሩ ነው» አልኳቸው።

«ከመሀሉ መች ነካሁ ልጄ? ከዳር የተረፈውን ነው» አሉኝ።

ልቆጣቸው አልቻልኩም። ያንን ጠጠር ያየ ሰው ሁሉ ትርፍ ይመስለዋል። ሠራተኞቹ ደፍተውት የሄዱት፣ ባለቤት የሌለው ክምር ነው የሚመስለው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከሳፋው አንዱን አነሳሁ። እንቁላል ያህላል፣ ጥቁር ነው፣ ጠርዙ እጅ ይቧጭራል። የወንዝ ጠጠር እንዲህ አይደለም። ውሃ እያንከባለለ ስላለሰለሰው ሲጫኑት ይንሸራተታል፤ ሽምብራ ላይ እንደ መቆም ነው። ለባቡር የሚሆነው ከካባ ወጥቶ ክራሸር የገባ ጠንካራ ድንጋይ ነው። መጠኑ ባብዛኛው ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጠርዝና ጠርዙ ተነካክሶ ይያያዛል። አገራችን ደግሞ ለዚህ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ አላጣችም። ቀዩ ገረገንቲ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይፈረፈራል።

የባቡሩ ክብደት ከሀዲዱ ከሥሩ በአግድም ወደተደረደረው አግዳሚ፣ ከአግዳሚው ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። ከአግዳሚው ሥር ያለው ጠጠር ውፍረቱ ስንዝር ተኩል ገደማ ነው። ያ ሁሉ ሸክም በዚያ ውስጥ እየተበተነ ያልፍና አፈሩ ጋ ሲደርስ ቀልሎ ይደርሳል። የዝናቡም ውሃ በመሀሉ ሾልኮ ይወርዳል። ዋልካ አፈር ላይ ቤት የሠራ ሰው ውሃ የተኛበት መሬት ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም።

የእማማን ነገር ሳስብ እረፍት የነሳኝ ግን ሙቀቱ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። አንድ ኪሎ ሜትር ሀዲድ በ40 ዲግሪ ቢሞቅና የሚይዘው ባይኖር፣ ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። በዘመናዊ መስመር ሀዲዱ እርስ በርሱ ተበይዶ የተያያዘ ስለሆነ መርዘሚያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ወደ ጎን ይገፋል። ያኔ የሚይዘው አግዳሚውን ከበው የያዙት ጠጠሮች ናቸው፤ በመሀሉ ያለውም፣ ከጫፎቹ ውጭ የተከመረውም። ይሄ የዳሩ ክምር የሀዲዱ ትከሻ ነው። እሱ ሲሳሳ የቀትር ፀሐይ ሀዲዱን እንደ እባብ ልታጣምመው ትችላለች። እማማ «የተረፈ» ያሉት ይሄንኑ ነው።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲው አዲስ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ያየነው ባቡሩን ነው፣ ጣቢያዎቹን ነው። ጠጠሩን ማን አየ? እስካሁንም ስለ መስመሩ ስንሰማ የምንሰማው የተጫነው ቶንና የተሳፈረው ሰው ነው። ጠጠር ደግሞ ተደፍቶ የሚተው ነገር አይደለም። ባቡር በላዩ በተመላለሰ ቁጥር ጠርዙ እየተፈጨ ዱቄት ይሆናል። ቆላው ላይ ነፋስ አሸዋ ይጨምርበታል። ክፍተቱ ሲደፈን ውሃ መውጫ ያጣል፣ ሀዲዱም እዚህም እዚያም ይሰምጣል። መፍትሔው የታወቀ ነው። ማሽን ሀዲዱን ብድግ ያደርግና ጣቶቹን ጠጠሩ ውስጥ ሰክቶ እያንቀጠቀጠ ከአግዳሚው ሥር ይጠቀጥቀዋል። በጣም የቆሸሸው ተዝቆ ይጣራል፣ የጎደለው ይሞላል። የፈረንሳይ ፈጣን ባቡሮች በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር የሚከንፉት ባብዛኛው እንዲህ በተጠበቀ ጠጠር ላይ ነው።

ጋዜጠኞቻችን በየመግለጫው ይህን ቢጠይቁ ደስ ይለኛል። ዘንድሮ ስንት ኪሎ ሜትር ተጠቀጠቀ? ስንት ኪሎ ሜትር ተጣራ? የዳሩ ጠጠር የሳሳው የት የት ነው? ምላሹ በየዓመቱ ከቶኑ ጎን ይነገር።

ለሰፈሩ ሰው ደግሞ «አትንኩ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ አይበቃም። ጭቃው እውነት ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው ነው። ክልከላው ጠጠር ይዞ ይምጣ። ለደጅ የሚሆን ጠጠር ለባቡር እንደሚሆነው ተመርጦ የወጣ መሆን የለበትም። ያ ቀይ ገረገንቲም ለደጅ ያገለግላል። በሀዲዱ ዳር ያሉ ወረዳዎች ከባቡሩ መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋግረው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰፈር ጥቂት ሲኖትራክ ቢያስደፉ፣ ሳፋ ይዞ ሀዲድ ዳር የሚሄድ ሰው አይኖርም። በደፉበት ቀንም ነዋሪውን ሰብስበው ይንገሩት፤ የዳሩ ክምር ምን እንደሚይዝ አብረው ያሳዩት። እማማም ቢነገራቸው ኖሮ አይነኩትም ነበር።

ይሄ ደግሞ ሐምሌ ከገባ በኋላ አይሆንም። መኪናው ራሱ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። በግንቦት መደፋት አለበት።