የኤጀንት መሣሪያ መግለጫ በማማሩ አይመዘንም

የኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም በቋንቋ ሞዴል እየተመራ ሥራ የሚያከናውን ፕሮግራም፣ የመሣሪያዎቹን (ለሥራው የሚጠራቸውን ሌሎች ፕሮግራሞች) ኮድ አያይም። የሚቀርብለት የመሣሪያው ስም፣ መግለጫው እና የፓራሜትሮቹ (ሲጠራ የሚሞሉለት መረጃዎች) ዝርዝር ነው፤ የትኛውን መሣሪያ፣ መቼ፣ በምን ዋጋ እንደሚጠራ የሚወስነው ከዚያ ተነሥቶ ነው። አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ኤጀንትን ከመሣሪያ ጋር የሚያገናኘውን የጋራ ደንብ፣ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮልን፣ ይፋ ካደረገ ወዲህ ሌላ ሰው የሠራውን መሣሪያ ከራስ ኤጀንት ጋር ማገናኘት እጅግ ቀሏል። መግለጫውን የምንመዝንበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የይስሙላ ነው።

የተለመደው አካሄድ መግለጫውን ለሌላ የቋንቋ ሞዴል ሰጥቶ «ግልጽ ነው? የተሟላ ነው?» ብሎ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ማሰጠት ነው። ባዶ የተተወ መግለጫን ወይም ያልተብራራ ፓራሜትርን ለመያዝ ይህ ይበቃል። ከዚያ አልፎ ሊታመን አይገባም፤ ዳኛው የሚያነበው ጽሑፉን እንጂ መሣሪያውን አይደለምና። በጠራ ቋንቋ የተጻፈ ውሸት 5 ከ5 ያገኛል።

«የደንበኛውን ትዕዛዞች በሙሉ ይመልሳል» የሚል መግለጫ እንውሰድ። ኮዱ በአንድ ጥሪ ከ50 በላይ የማይመልስ ከሆነ፣ 180 ትዕዛዝ ስላለው ደንበኛ የተጠየቀው ኤጀንት 50ውን ደምሮ «ጠቅላላው ይህ ነው» ይላል። ጥሪው ተሳክቷል፤ የስሕተት መልእክት የለም፤ ሎጉን (የጥሪዎቹን መዝገብ) የሚያገላብጥ ሰውም የሚይዘው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መግለጫው ከመሣሪያው ጋር መገጣጠሙ በተግባር ይፈተን። በሌለ መለያ ቁጥር ሲጠራ ባዶ ዝርዝር ነው ወይስ ስሕተት የሚመልሰው? 2500 ተብሎ የተላከለትን የገንዘብ መጠን 2500 ብር ነው ወይስ 25 ብር ከ00 ሳንቲም አድርጎ የሚረዳው? «ይሰርዛል» ሲል ለዘለቄታው ያጠፋል ወይስ ወደ ማኅደር ያዛውራል? ፓራሜትሩ «ቀን» ተብሎ ብቻ ከታለፈ 03/04/2025 ማርች 4 ነው ወይስ ኤፕሪል 3? የመጨረሻው እኮ «ዓመት-ወር-ቀን፣ ለምሳሌ 2025-04-03» በሚል አንድ ሐረግ የሚዘጋ ቀዳዳ ነው።

ዋናው ምዘና የኤጀንቱን ድርጊት ማየት ነው። ከ30 እስከ 50 የሚደርሱ ጥያቄዎችን ተጠቃሚ በሚጽፍበት አኳኋን፣ የመሣሪያውን ስም ሳይጠሩ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ሲሶ ያህሉ መሣሪያው ሊጠራ የማይገባባቸው ይሁኑ። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሲዘለል ደግሞ «ደንበኛን የሚመለከት ማንኛውም ጥያቄ ሲመጣ ተጠቀምበት» የሚል ሆዳም መግለጫ ፈተናውን በሙሉ ነጥብ ያልፋል። ፈተናው ጎረቤት መሣሪያዎች ባሉበት መካሄድ አለበት። «ደንበኛ ፈልግ» ለብቻው ሲሞከር እንከን አይወጣለትም፤ «ትዕዛዝ ፈልግ» አጠገቡ ሲቀመጥ ነው ድንበሩ ያልተሰመረ መሆኑ የሚገለጠው።

ውጤቱንም ወደ አንድ አማካይ መጨፍለቅ አይበጅም። የተሳሳተ መሣሪያ ከተመረጠ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በስሙና በመግለጫው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። መሣሪያው ትክክል ሆኖ የተላከው ዋጋ ከተሳሳተ ፓራሜትሮቹን ማየት ነው። ጥሪው ሁሉ ልክ ሆኖ መልሱ ከተበላሸ ግን ብዙ ጊዜ መሣሪያው ምን እንደሚመልስ በመግለጫው አልተነገረም ማለት ነው። ሦስቱ በየራሳቸው ካልተቆጠሩ ምኑ እንደሚታረም አይታወቅም።

ሞዴሉ ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምላሽ ስለማይሰጥ እያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ 5 ጊዜ ይሂድ። 40 ጥያቄዎች 200 ሙከራ ይሆናሉ። በዚህ ስፋት ከ90 በመቶ ወደ 92 መውጣት መሻሻል አይባልም፤ የዕድል መዋዠቅ ብቻውን ያንን ያመጣል። የአንድ ጥያቄ ድግግሞሾች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ መዋዠቁ እንዲያውም ከሚታሰበው ይሰፋል። በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ ይደረግ፤ መግለጫው ሲታረም ያልታዩ ጥቂት ጥያቄዎችም ለመጨረሻ ፍተሻ ይቆዩ።

ርዝመትን በተመለከተ አንትሮፒክ ራሱ ለአንድ መሣሪያ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ዓረፍተ ነገር ይመክራል። ምክሩ ለአንድ መሣሪያ ጥሩ ነው፤ 40 መሣሪያ በ250 ቶከን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆጥርበት ቁራጭ) ሲባዛ ግን ተጠቃሚው አንዲት ቃል ሳይጽፍ 10,000 ቶከን ተይዟል። አንድን ዓረፍተ ነገር አውጥቶ ፈተናውን መድገም ከክርክር ይሻላል፦ ምንም ካልተለወጠ ዓረፍተ ነገሩ ይቅር። ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያጋጥም ከባድ አደጋን የሚያስጠነቅቅ ከሆነ ግን ፈተናው ባይዘውም ይቆይ።

ከውጭ የመጣ መሣሪያ ሌላ ፍተሻ ይጨመርበታል። መግለጫ ውስጥ ለሞዴሉ ብቻ የታሰበ ድብቅ ትእዛዝ መቅበር እንደሚቻል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 አሳይተዋል። «መሣሪያውን ከመጥራትህ በፊት ይህን ፋይል አንብብ» ወይም «ሌላውን መሣሪያ አትጠቀም» የሚል መግለጫ ነጥብ ሳይሰጠው ይውደቅ። «የሚያነብ እንጂ የማይለውጥ» የሚል ምልክትም የመሣሪያው ባለቤት ቃል ከመሆን አያልፍም፤ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል ራሱ ከማይታመን አገልጋይ (መሣሪያውን ከሚያቀርብ ፕሮግራም) የመጣን እንዲህ ያለ ምልክት አትመኑ ይላል። ከዚህም ሌላ መግለጫው ከጸደቀ በኋላ ከአገልጋዩ በኩል ሊለወጥ ስለሚችል፣ የጸደቀውን ቅጂ አስቀምጦ በየግንኙነቱ ማነጻጸርና አንዲት ፊደል ከተለየች ጥሪውን አግዶ ፈተናውን ከመጀመሪያው ማካሄድ ያስፈልጋል።