ሸጦ የማይጎድልበት ሻጭ

እኛ ጎንደሬዎች በንብረት ቀልድ አናውቅም። ቤት ሲሸጥ ምስክር አለ ውል አለ፣ መኪና ሲሸጥ ስም ማዞር አለ፣ ባጃጅ እንኳ ሊብሬው ካልመጣ ብሩ ከኪስ አይወጣም። ላም የሸጠ ሰው ገመዷን ለገዢው ካስረከበ በኋላ ማታ በጓሮ ገብቶ ያችኑ ላም ሲያልብ ቢያዝ ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። አንድ ነገር ሲቀር። ፎቶሾፕ፣ ያ የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራም። ፎቶሾፕ ላይ ስንደርስ ሻጩም ያልባል ገዢውም ያልባል፣ የገዢው ጓደኛም በፍላሽ ይዞ ሄዶ አዘዞ ላይ ያልባል፣ ላሟም አትከሳ። እንዲህ ያለ በረከት የት አገር ነው ያያችሁት?

ነገሩን በደንብ የገባኝ ባለፈው የአክስቴ ልጅ ማራኪ አካባቢ ፎቶ ቤት ልክፈት ብሎ ያገለገለ ኮምፒውተር ፍለጋ አብሬው ስዞር ነው (ጉርድ ፎቶ፣ ምርቃት፣ ላሚኔሽን፣ ያው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ስለሆነ ይሰራል ብሎ)። ፒያሳ አካባቢ አንድ ባለ ፎቶ ቤት አዲስ ገዝቶ አሮጌውን እየሸጠ ነው ተባልንና ሄድን። ኮምፒውተሩ 28 ሺህ፣ ፎቶሾፑ ለብቻው 2 ሺህ።

«ለምን ለብቻው?» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ፉል ነዋ ወንድሜ! ኦሪጅናል ክራክ ነው።»

ኦሪጅናል ክራክ። ክራክ ማለት ሳይከፍሉ የፕሮግራሙን ቁልፍ መስበሪያ ነው፣ እስቲ ቀስ ብላችሁ ድገሙት። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና «ጋሼ፣ ስሙ ይዞርልናል?» አልኩት።

«የምን ስም?»

«የላይሰንሱ፣ የመጠቀሚያ ፈቃዱ።»

«ላይሰንሱማ አብሮት አለ፣ እዚሁ ፎልደር ውስጥ ነው» ብሎ ከፈተልን፣ የፎልደሩ ስም ክራክ ይላል፣ ውስጡ አንዲት አጭር የጽሁፍ ፋይል አለች፣ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ፣ ቀጥለህ ኢንተርኔቱን ንቀል፣ ከዛ ይችን ፋይል ገልብጠህ እዛ ቦታ ላይ ሪፕሌስ በል፣ ከዛ በኋላ ፕሮግራሙን መቼም ቢሆን አፕዴት እንዳታደርግ። ከዚህ የበለጠ የንብረት ሰነድ አለ? በየትኛው አገር ነው የቤት ካርታ «መጀመሪያ ዘበኛውን አሰናብት» ብሎ የሚጀምረው? ኮምፒውተሩም ከዛን ቀን ጀምሮ ባህታዊ ሆነ፣ ከዓለም ጋር አይገናኝም፣ ዜና አይሰማም፣ ዋይፋይ ሲባል ይሸሻል።

አሁን ፈረንጆቹን እዩልኝ እንዴት እንደሚሰቃዩ። የፎቶሾፕ ሰሪው አዶቢ ፕሮግራሙን በካርቶን በሚሸጥበት ዘመን፣ ያገለገለ ላይሰንስ ለሌላ ሰው ላስተላልፍ ያለ ሰው ፎርም ይሞላ ነበር፣ ሻጭ ይፈርማል ገዢ ይፈርማል፣ የሲሪያል ቁጥሩ ይጻፋል፣ ሶፍትዌሩ አፕግሬድ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ቨርዥንም ላይለያይ አብሮ ይሄዳል፣ ላሚቷን ከነእናቷ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሻጩ ከራሱ ኮምፒውተር ላይ አክቲቬሽኑን ነቅሎ ሶፍትዌሩን ማጥፋት አለበት! በፈረንጆቹ 2012 ሐምሌ ላይ ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት ጭምር ኦራክል በሚባል ኩባንያ ሶፍትዌር የተነሳ ክርክር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ለዘለቄታው የተገዛ ሶፍትዌር ከኢንተርኔት የወረደ ቢሆንም መልሶ መሸጥ ይቻላል፣ ግን ሻጩ የራሱን ቅጂ እንዳይሰራ ያድርግ ብሎ ፈረደ። ስንት የተማረ ዳኛ ተሰብስቦ! አንድ ባለ ፍላሽ ልጅ ከዚህ ብንልክላቸው በ10 ደቂቃ ይገላገሉ ነበር።

ያም ሳይበቃ በ2013 አዶቢ ከእንግዲህ አዲስ ፎቶሾፕ በኪራይ ብቻ ነው አለ። በየወሩ ትከፍላለህ፣ ካልከፈልክ ይዘጋል፣ አካውንቱ በስምህ ነው ለሌላ አይሸጥም፣ የተከራዩትን ቤት ለልጅ ማውረስ የለም። እና ያገለገለ ላይሰንስ ማዘዋወር በነሱ በኩል ወደ ሙዚየም እየሄደ ነው፣ ከነዛ አሮጌ ካርቶኖች በቀር የሚዘዋወር ነገር የላቸውም። እኛ ጋ ግን የዘንድሮው ቨርዥን ሳይቀር ያገለገለ ሆኖ ነው የሚወጣው።

እርግጥ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሁሉም ጥፋት የፎቶ ቤቱ አይደለም። ፎቶሾፕ ለብቻው በወር ከ20 ዶላር በላይ ነው፣ በ4 ጂቢ ራም ጉርድ ፎቶ የሚያጥብ ልጅ ብሩን ቢያገኝ እንኳ በብር ካርዱ ውጭ አገር ልክፈል ቢል ካርዱ ራሱ ይስቅበታል። ይሄ ይገባኛል። የማይገባኝ ቀጥሎ ያለው ነው፣ የአክስቴን ልጅ «ጊምፕ የሚባል አለልህ፣ ከፈረንጆቹ 1996 ጀምሮ ያለ በነፃ የሚሰጥ፣ ክራክ የለ ምን የለ፣ ጉርድ ፎቶ ለመቁረጥና ጀርባ ነጭ ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው» ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። «ነፃ? ለምን ነፃ ሆነ? ቫይረስ ቢኖረውስ?» አለኝ። አንቲቫይረሱን አጥፍቶ ከማያውቀው ሰው ፍላሽ ፋይል የገለበጠ ልጅ ነው እንዲህ የሚለኝ። የተሰረቀ ነገር ያምናል፣ የተሰጠ ነገር ይጠረጥራል፣ በዛ ላይ ጊምፕ ጎበዝ ጫኝ አይፈልግማ፣ ክብሩ የት ላይ ይሆናል።

ደግሞ የላይሰንስ ስም አይዞርም ብዬ ያሰብኩት ውሸት ነው ለካ። ድሮ በፎቶሾፕ ሰባት ነጥብ ዜሮ ጊዜ፣ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት የተመዘገበበትን ሰው ስም ያሳይ ነበር። እኔ በገባሁበት ፎቶ ቤት ሁሉ የሚወጣው ስም ያው አንድ ፈረንጅ ነበር። ፋሲል ግቢ አጠገብ ብትገባ እሱ፣ አራዳ ብትወርድ እሱ። ይሄ ሰውዬ ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም ግን ከአጼዎቹ ወዲህ ጎንደር ላይ እንደሱ ብዙ ርስት የነበረው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወደ ዋናው ክብራችን ልምጣ። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ። ታቦታቱ አድረው፣ ውሃው ተባርኮ፣ ወጣቱ ከግንቡ ላይ እየዘለለ፣ ካሜራ የያዘው ሰው ብዛት ከዘላዩ አይተናነስም፣ ማታ ላይ ፎቶዎቹ ፌስቡክ ላይ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ የፎቶ ቤቱ ስም ተጽፏል፣ ተጽፏል ስል ጥግ ላይ በትንሹ እንዳይመስላችሁ፣ ከካህኑ ጥላ ጀምሮ በመቋሚያው ላይ አልፎ ውሃው ውስጥ የሚገባ ጽሁፍ ነው፣ ስልክ ቁጥር አለ ሎጎ አለ፣ ከስር «ያለፈቃድ መጠቀም በህግ ያስጠይቃል»። አንዱ ካፌ ታዲያ ከነዚህ አንዷን ጽሁፏን ቆርጦ ባነር አሰራባት። ባለፎቶው ምን ያህል እንደተናደደ! የሰው ላብ፣ የሰው ሌሊት፣ ህሊና የሌለው ትውልድ፣ ምኑ ቅጡ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ሳይቀር ጠቅሶ የቅጂ መብቴ ተደፈረ ብሎ ረጅም ጽሁፍ ለቀቀ። እኛም ሼር አደረግን። አዋጁን ከፍቼ አየሁት፣ እውነቱን ነው፣ ፎቶግራፍ ይጠበቃል፣ እዛው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚባል ነገር ተጠቅሷል፣ ግን እሱ የህትመት ስህተት መሆን አለበት። ጽሁፉን ያቀነባበረበትን፣ ስሙን በወርቅማ ቀለም የጻፈበትን ፎቶሾፕ ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀው ሰውም አልነበረም፣ ነውር ነው እንዲህ ያለ ጥያቄ።

ክራክ አንዳንዴ እንግዳ ይዞ ይመጣል፣ ይሄም ከእንግዳ ተቀባይነታችን ጋር የሚሄድ ነው። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር እንዳልኳችሁ ባህታዊ ነበር፣ አንድ ቀን ግን ለደንበኛ ቪዲዮ ላውርድ ብሎ ዋይፋይ አገናኘው፣ በማግስቱ የፎቶዎቹ ስም መጨረሻ ላይ የማይነበብ ፊደል ተቀጥሎ አንድም አልከፈት አለ፣ ዴስክቶፑ ላይ ደብዳቤ ተቀምጧል፣ በዶላር ክፈል ይላል። በጥር፣ በሰርግ ወር! የሁለት ሰርግ ፎቶ ውስጡ ነው። የአንዷ ሙሽራ እናት መጡ።

«የልጄን ፎቶ ማነው የቆለፈው?»

«እማማ፣ ቫይረስ ነው።»

«የማን ልጅ ነው እሱ?»

መልስ የለም። ደግነቱ የካሜራው ሚሞሪ ገና ስላልጠፋ የአንደኛው ሰርግ ተገኘ፣ የሌላኛው ሙሽራና ሙሽሪት ግን እስካሁን የዘመድ ስልክ ላይ ያለውን እየሰበሰቡ ነው።

እኔ እንግዲህ ከዚህ በኋላ ይማራል ብዬ ስጠብቅ ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጎ ያንኑ ፍላሽ መልሶ ሰካ። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ ስልኩ ጠራ፣ ያ የፒያሳው ሻጭ ነው፣ የሱም አዲሱ ኮምፒውተር እንደዚሁ ተቆልፎበት ሁሉን ነገር አጥፍቶ ዊንዶውስ ሲያስጭን ፎቶሾፑም አብሮ ሄዷል።

«ያችን ፍላሽ አላጠፋሃትም አይደል?» ይለዋል።

የአክስቴ ልጅ ስልኩን በእጁ ሸፈን አድርጎ ስንት ልበለው አለኝ። ከዛ ሳይሰማኝ መልሶ ጆሮው ላይ አደረገው። «ፉል ነው እንግዲህ ጋሼ፣ ታውቀዋለህ» አለው፣ ለወንድምነት 500 ብር ቀንሶለት በ1,500 ተስማሙ።