«እስቲ ይቺን አንብብልኝ» በማይባልበት አገር

አገር ቤት ማንበብ የሚከብደው ጎልማሳ ለዓመታት ሳይታወቅበት መኖር ይችላል። ሚኒባሱ የት እንደሚሄድ ረዳቱ እየጮኸ ይናገራል። ወረዳ ሲኬድ የትኛው ቢሮ እንደሚገባ የሚጠየቀው በር ላይ ያለው ጥበቃ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ፤ የተማረውም ያልተማረውም ጉዳዩን ተናግሮ ያጽፋል። የመድኃኒቱን አወሳሰድ ፋርማሲስቱ በቃሉ ያስረዳል። «እስቲ ይቺን አንብብልኝ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው» ቢባል የሚገረም የለም።

አሜሪካ ሲመጣ ይህ ሁሉ ሰው ከመሃል ይወጣል። የቤት ኪራይ ውል፣ የኢንሹራንስ ደብዳቤ፣ ከልጅ ትምህርት ቤት የሚላክ ኢሜይል፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሥራ ሥልጠና፣ ሁሉም ሰውየውን ብቻውን ከጽሑፍ ጋር ያፋጥጡታል። ብዙ ሐበሻ ዲስሌክሲያ የሚባል ነገር መኖሩን የሚሰማውም እዚህ ነው፤ ያውም ስለ ልጁ ሲነገረው። ትምህርት ቤቱ የልጁን ምርመራ ውጤት ሲያስረዳ ወላጅ የገዛ ልጅነቱን ይሰማል። ችግሩ በዘር ስለሚወርድ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። የዓይንም የብልህነትም ጉድለት አይደለም፤ በአብዛኛው አእምሮ የንግግር ድምፆችን ነጥሎ ከፊደል ጋር በሚያገናኝበት መንገድ ላይ ያለ ልዩነት ነው።

ፊደላችን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ግማሽ ደግ፣ ግማሽ ክፉ ነው። ደግነቱ፣ «ቡ» የትም ቦታ ቢገባ «ቡ» ተብሎ መነበቡ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ኦ፣ ዩ፣ ጂ እና ኤች ተከታትለው ሲመጡ እንደ ቃሉ ከአምስት በላይ በሆነ መንገድ ይነበባሉ። በአማርኛ ስለዚህ ችግሩ በስሕተት ብዛት ሳይሆን በዝግታ ይታያል፤ ንባቡ ትክክል ነው፣ ነገር ግን አንቀጹ ሳያልቅ መጀመሪያው ተረስቷል። ክፋቱ ደግሞ 33ቱ ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231 መሆናቸውና ብዙዎቹ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት መሆኑ ነው፦ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጸ እና ጰ። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውም አይለይም። «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ የሚታወቀው ከዐውዱ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያመልጠው ዐውዱ ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ይጀምራል።

አገር ቤት ግፋ ቢል ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር በአማርኛ ሲንገታገት የቆየው ልጅ ይወድቃል። «ሰነፍ» ይባላል፣ ወይ ወደ ንግድ ወይ ወደ ሹፍርና ይሄዳል። ሕግ ስለሌለ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ግን አካል ጉዳት ሲባል ዊልቸርና ብሬይል እንጂ ንባብ የሚዘገይበት ሰው ትዝ የሚለው የለም።

አሜሪካ ውስጥ መብቱ አለ፤ ነገር ግን ወረቀት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይመለከታል። ጥያቄውን በቃል ማቅረብ ይቻላል፣ ለሥራ ባልደረቦች መንገር ግዴታ አይደለም፣ አሠሪው ግን የምርመራ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ማንበብ ስለሚከብደኝ እርዱኝ» ብለው ሲያቆሙ ነው፤ አለቃው ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። «የሥልጠናውን ጽሑፍ ከሁለት ቀን በፊት ላኩልኝ»፣ «የፈረቃ ለውጥ ሲኖር ከጽሑፉ በተጨማሪ በስልክ ንገሩኝ» ዓይነት ቁርጥ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይፈቀዳል።

ምርመራው ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። በግል ሲደረግ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር ያልፋል፤ የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ «የትምህርት ጉዳይ ነው» እያለ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። በየስቴቱ ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ድጋፍ የሚሰጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ። ችግሩ ሥራ ለማግኘት ወይም በሥራ ለመቆየት እንቅፋት መሆኑን ያስረዳ ሰው ወጪውን ሊሸፍንለት ስለሚችል ኪስ ከመዳበስ በፊት እዚያ መጠየቅ ይሻላል። ሌላው አደጋ መርማሪው አማርኛ አለማወቁ ነው። ፈተናው የተሠራው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ለመመዘን ስለሆነ በሁለት በኩል ያሳስታል፤ የቋንቋ እጥረቱ ዲስሌክሲያ ተብሎ ይመዘገባል፣ አለያም እውነተኛው ዲስሌክሲያ «እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ላይ የሚበዛው ሁለተኛው ይመስላል። ስለዚህ ባዶ እጅ አይኬድም፦ ከአገር ቤት የመጣ የትምህርት ካርድ ካለ ማስተርጎም፣ አማርኛ ማንበብም በልጅነት እንዴት እንደነበር መንገር፣ በቤተሰብ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ መጥቀስ። መርማሪው ፊት አንድ የአማርኛ አንቀጽ ጮክ ብሎ አንብቦ ጊዜውን ማስያዝም ይጠቅማል። አማርኛውም የሚንቀረፈፍ ከሆነ ጥፋቱን እንግሊዝኛ ላይ ብቻ ማላከክ አይቻልም።

ፈተናዎች ላይ በሩ ከሚታሰበው በላይ ክፍት ነው። የዋሽንግተን ዲሲ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ አለ፤ ከ25 ጥያቄ 20 የመለሰ ያልፋል። ብዙ ሐበሻ የሚገባበት የነርስ ረዳትነት ፈተና በፌዴራል ደንብ መሠረት ከጽሑፍ ይልቅ በቃል ሊወሰድ ይችላል፤ ግን ምርጫው የሚደረገው ሲመዘገቡ ነው። በፈተናው ዕለት ቢጠይቁ ይረፍዳል። እንግሊዝ አገር የመንጃው ቲዎሪ 50 ጥያቄ በ57 ደቂቃ ሲሆን ማለፊያው 43 ነው። ማንበብ የሚከብደው ሰው ጥያቄው በጆሮ ማዳመጫ እንዲነበብለት፣ ማስረጃ ካቀረበም ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጠው ይደረጋል። ድምፁ የእንግሊዝኛ ወይም የዌልስ ቋንቋ ነው፤ የሌሎች ቋንቋዎች ድምፅ እ.ኤ.አ. በ2014 ቀርቷል። እስራኤል ያሉት ወገኖች ጣጣ ሌላ ነው፦ ዕብራይስጥ ጋዜጣና የቢሮ ደብዳቤ ላይ የአናባቢ ምልክት ስለማይደረግበት ቃሉን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው በግምት ነው የሚያነበው።

ሥራው መድኃኒት የሚነካ ከሆነ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ሃይድራላዚን ለደም ግፊት፣ ሃይድሮክሲዚን ለማሳከክና ለጭንቀት የሚሰጡ ሲሆኑ በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው አጀማመሩም አጨራረሱም አንድ ነው። ለዚህም ነው ልዩነታቸው ያለበት የመሃሉ ክፍል በትልልቅ ፊደላት እንዲጻፍ የሚመከረው። ዓይን የሚያርፍበት እዚያው መሃሉ ላይ መሆን አለበት። ስሙን ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር፣ ከዚያም «ለምን ሕመም ነው የታዘዘው?» ብሎ መጠየቅ ስሕተቱን ቀድሞ ይይዘዋል።

በስልክና በኮምፒውተር በኩል አማርኛ እንደሚነገረው ባዶ እጁን አይደለም። የማይክሮሶፍት ኤጅ ብሮውዘር ጽሑፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ መቅደስ እና አምሃ የተባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። የጉግል ኪቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ሲነገረው ይጽፋል። የሚበላሸው የት ነው ቢባል፣ በቴሌግራም የሚዞረው አብዛኛው ማስታወቂያና ደብዳቤ ፎቶ መሆኑ ላይ ነው። ፎቶ የሆነ ፒዲኤፍን የሚያነበው ድምፅ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ላኪውን «የተተየበውን ላክልኝ» ማለት ነው። ለኅትመት 14 ወይም 16 መጠን፣ የመስመር ርቀት 1.5፣ በግራ ብቻ የተስተካከለ ጽሑፍ ይሻላል። ለእንግሊዝኛ 12 በቂ ነው ቢባልም የአማርኛ ጭረቶች ደቃቅ ናቸው። ጽሑፍ ላይ የሚደረበው ባለቀለም ፕላስቲክ ግን ንባብን ለማሻሻሉ ጠንካራ ማስረጃ ስለሌለው ገንዘብ አይውጣበት።

እዚህ ከሚታዩት ነገሮች ደስ የማይለው ደብዳቤ ሁሉ ለልጅ መሰጠቱ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የታክስ ደብዳቤ ሲያነብ የቤቱን ዕዳ አብሮ ያነባል። አንድ የታመነ አዋቂ ይዞ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ቆርጦ፣ ፖስታውን በአንድ ላይ መክፈት ይበልጣል። መጀመሪያ ላኪውን፣ ቀጥሎ ቀነ ገደቡን፣ ቀጥሎ የገንዘቡን መጠን መፈለግ፤ የቀረው ብዙ ጊዜ መጠበቅ ይችላል።

ከአገር ቤት ጋር ሲጻጻፉ ግን ከሁሉ የሚያደክመው ቁጥር ነው። 10/11 አሜሪካ ኦክቶበር 11፣ እንግሊዝ ኖቬምበር 10 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ሐምሌ 10። ሰዓቱም 6 ሰዓት ይዛነፋል። ቀኑን የወሩን ስም ጠርቶ፣ ከነዕለቱ፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብሎ መጻፍ ግማሹን ግራ መጋባት ያስቀራል። የድምፅ መልእክት ለወሬ የሚመች ቢሆንም ለሒሳብ ቁጥር አይሆንም። የንግድ ባንክ ቁጥር 13 አኃዝ ነው፣ በ1000 ይጀምራል፤ ተተይቦ ይላክ፣ ተቀባዩም እንዳለ ገልብጦ ይለጥፈው። በእጅ መጻፍ ግድ ከሆነ 4፣ 3፣ 3፣ 3 እያሉ መከፋፈል፤ ከዚያ ከመላኩ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ጮክ ብሎ ማንበብ። ስሙ የሚላክለት ሰው ካልሆነ አኃዝ ቦታ ተለዋውጦ ይሆናል።