ክርክር፦ የገዛኸው ፊልም ያንተ ነው?

ሁለቱም የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ሱሰኞች ናቸው። ባለዲስኳ ሜሪላንድ ትኖራለች፤ የሳሎኗ አንድ ግድግዳ በብሉሬይና በዲቪዲ ተሞልቷል። ባለክላውዱ፣ ፊልም በኢንተርኔት ብቻ የሚያየው፣ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ቤቱ ዲስክ የሚያነብ ዕቃ የለም፣ እንዲኖርም አይፈልግም። ያከራከራቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሠራ ሕግ ነው። ፊልም፣ ጌም ወይም መጽሐፍ በዲጂታል የሚሸጥ ድርጅት፣ ደንበኛው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ካልነገረው በቀር «ግዛ» የሚል ቁልፍ ማስቀመጥ አይችልም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለዲስኳ፦

ሕጉ ሲወጣ ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ሻጩ ከእንግዲህ እውነቱን ይናገራል፤ ጥሩ። ግን እውነቱ ራሱ ምንድን ነው? ከፍለህ አካውንትህ ውስጥ ያስገባኸው ፊልም ያንተ አይደለም። ነገ ጠዋት ቢጠፋ የምትሟገትበት ነገር የለህም።

«ማን ያጠፋዋል?» የሚለኝ ሰው አላጣም። በ2009 አማዞን ከሰዎች ኪንድል (የዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ መጽሐፍ አጥፍቷል። የከፈሉበት፣ እጃቸው ላይ ባለ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ መጽሐፍ። መደብሩ ላይ የጫነው ድርጅት የማከፋፈል መብት ስላልነበረው ነው ተባለ። ገንዘቡ ተመለሰ፣ የወቅቱ የአማዞን አለቃ ጄፍ ቤዞስም ይቅርታ ጠየቀ። ከጠፉት አንዱ የጆርጅ ኦርዌል «1984» ነበር። መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ እያጠፋ የሚኖርበት ልቦለድ! ደራሲ ቢፈጥረው «አበዛኸው» ይባል ነበር።

በዲሴምበር 2023 ደግሞ ሶኒ፣ በፕሌይስቴሽን የዲስከቨሪን ፕሮግራሞች ለገዙ ሰዎች «ከወሩ መጨረሻ በኋላ አታገኟቸውም» ብሎ አሳወቀ። ጩኸት ተነሣ። ከዚያ ሁለቱ ኩባንያዎች አዲስ ውል ተዋዋሉና ነገሩ ቀረ። ልብ በል፤ ገዢውን ያዳነው መብቱ አይደለም። ሁለት ኩባንያዎች መስማማታቸው ነው።

በዚያው ዓመት «ክሬተር» የሚባል ፊልም በወርሃዊ ክፍያ ፊልም በኢንተርኔት በሚያሳየው በዲዝኒ ፕላስ ላይ ወጣ። ጨረቃ ላይ ባለ የማዕድን ማውጫ ያደጉ ልጆች ታሪክ ነው፤ ያንተና የኔ ዓይነት ፊልም። ሜይ 12 ወጣ፣ ጁን 30 ተነሣ። ሰባት ሳምንት! በዲስክ አልወጣም። ብዙ ሰው የለፋበት ሥራ ለሁለት ወር እንኳ አልቆየም።

ባለክላውዱ፦

እህቴ፣ ካመጣሻቸው ምሳሌዎች አንዱ ገንዘቡ ተመልሷል፣ አንዱ ጭራሽ አልተፈጸመም። «ክሬተር»ም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በዲጂታል ለሽያጭ ወጥቷል። ደግሞ ከመጀመሪያውም ማንም አልገዛውም፤ ወርሃዊ ከፍሎ ነው ያየው። ታክሲ ተሳፍረሽ ስትወርጂ «መኪናዬን ወሰዱብኝ» አትዪም።

አሁን የኔን ጥያቄ መልሺ። ዲስክሽ ያንቺ ነው? እስቲ ከመደርደሪያሽ አንድ ዲቪዲ አንሥተሽ አዲስ አበባ ላኪልኝ። ዲቪዲ የሚሠራው ለተሸጠበት የዓለም ክልል በተሠራ ማጫወቻ ነው፤ የአሜሪካው ክልል 1 ይባላል። ኢትዮጵያ ክልል 5 ናት። የአውሮፓው፣ የእስራኤሉና የሳውዲው ደግሞ ክልል 2። ፋብሪካው እንዳዘዘው የሚሠራ ማጫወቻ ካለኝ የላክሽልኝን ዲስክ አያነብልኝም። ጥፋቴ ምንድን ነው? በሌላ አህጉር መኖሬ። እኛን ያዳነን መርካቶ የሚሸጠው ርካሽ የቻይና ማጫወቻ ነው፤ እሱ ክልል የሚባል አያውቅም፣ ያገኘውን ያጫውታል።

ቀጥሎ ቁልፉ አለ። ዲቪዲ ላይ ያለው ፊልም የተቆለፈ ነው። በ1999 ያን ቁልፍ የሚከፍት ትንሽ ፕሮግራም ከሌሎች ጋር ሆኖ ያወጣው ኖርዌያዊው ዮን ሌክ ዮሃንሰን ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ፖሊስ ቤቱ ድረስ መጣ፣ ተከሰሰ። በ2003 ነጻ ወጣ፤ የኖርዌይ ፍርድ ቤት የገዛኸውን ፊልም መክፈት ጥፋት አይደለም አለ። አንቺ ያለሽበት አገር ግን በ1998 የወጣው የዲጂታል ኮፒራይት ሕግ ቁልፉን መስበር ይከለክላል። የራስሽን ዲስክ ላፕቶፕሽ ላይ ለመገልበጥ እንኳ ቁልፉን መስበር አለብሽ። ስለዚህ ያ የምትኮሪበት ግድግዳ የፈቃድ ክምር ነው፤ ፕላስቲክ የለበሰ ፈቃድ።

ባለዲስኳ፦

ክልሉ ላይ ልክ ነህ፤ አስቀያሚ አሠራር ነው። ማንም ሲከላከልለት ሰምቼ አላውቅም። ግን ልዩነቱን አየኸው? ዲስኩን ልኬልህ መርካቶ የተገዛ ማጫወቻ ላይ አይተኸው፣ ለወንድምህ አውሰኸው፣ እሱ ደግሞ ሸጦት ሊሆን ይችላል። ማንንም አላስፈቀድክም። አሜሪካ ውስጥ የገዙትን ቅጂ መልሶ መሸጥ ከ1908 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጸናው ነገር ነው። ፋይል ሲሆንስ? ሪዲጂ የሚባል ድርጅት ሰዎች የገዙትን ሙዚቃ መልሰው እንዲሸጡ ሞከረ። በ2013 ተሸነፈ፣ ይግባኝ ብሎ በ2018 እንደገና ተሸነፈ። አባትህ የጥላሁንን ሸክላ ሊያወርስህ ይችላል። አካውንቱን ግን አያወርስህም፤ ውሉን አንብበው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ»።

በ1977 ሲኒማ ቤት በገባው ፊልም ላይ ሃን ሶሎ መጠጥ ቤት ተቀምጧል። ግሪዶ የሚባል አረንጓዴ ቅጥረኛ ፊት ለፊቱ ሽጉጥ ደግኖበታል። ሃን እያዋራው እጁን ከጠረጴዛው ሥር ይሰዳል። ሽጉጡን ቀስ ብሎ ያወጣል። ይተኩሳል። ከዚያ ለአስተናጋጁ ሳንቲም ወርውሮ ይወጣል። ሰውዬው ምን ዓይነት እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ታውቃለህ፤ የነቃ ወንበዴ ነው፣ ማንንም አይጠብቅም። መጨረሻ ላይ ጓደኞቹን ለማዳን ሲመለስ የሚያስደንቅህም ለዚህ ነው።

በ1997 ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ ፊልሙን ነካክቶ እንደገና ሲያወጣው ግሪዶ ቀድሞ ይተኩሳል። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ይስታል! በ2004ቱ ዲቪዲ ሁለቱ እኩል ሊባል በሚችል ቅጽበት ተኮሱ። በ2019 ዲዝኒ ፕላስ ሲከፈት ደግሞ ግሪዶ ከመሞቱ በፊት «ማክለንኪ» የሚል ነገር ተናግሮ ተገኘ። ከየት መጣ? አስቀድሞ የነገረን የለም። ሰው የሰማው ከፍቶ ሲያየው ነው።

ይሄው ሉካስ በ1988 የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ፣ ያለቁ ፊልሞችን መነካካትና ጥቁርና ነጩን ቀለም መቀባት ተቃውሞ ተናግሮ ነበር። እኔ መደርደሪያ ላይ የ2006ቱ ዲቪዲ አለኝ፤ የ1977ቱ ፊልም እንደነበረ ያለበት ነው። ሃን ቀድሞ ይተኩሳል። ሌሊት ተኝቼ ስነሣ የሚቀየር ነገር የለም።

ባለክላውዱ፦

ሁለት ነገር ደብቀሻል። አንደኛ፣ ያ የ2006 ዲቪዲ ምስሉ ያሳዝናል። ከዲቪዲ በፊት ለነበረው ሌዘርዲስክ በ1993 ከተዘጋጀ ቅጂ ነው የተወሰደው፤ በዛሬ ቴሌቪዥን ስታዪው ዙሪያውን ጥቁር ሆኖ መሃል ላይ ትንሽ ሳጥን ነው የሚሆነው። ሁለተኛ፣ በ2020 በወጣው ባለ 4ኬ (እጅግ ጥራት ያለው ምስል) ዲስክ ላይም ግሪዶ «ማክለንኪ» ይላል። ዲስክ ነው፤ በፕላስቲክ ነው የታተመው። ስለዚህ ችግሩ ክላውዱ አይደለም። ባለቤቱ ፊልሙን ቀይሮታል፣ አለቀ። ያስቆጣኛል፣ ግን ፊልሙ የሱ ነው።

ስለ ዘላቂነት ካነሣሽ ደግሞ ዲስክ ይበሰብሳል። ዋርነር ብራዘርስ ከ2006 እስከ 2008 ካሳተማቸው ዲቪዲዎች አንዳንዶቹ ዛሬ አይነበቡም፤ ኩባንያው ራሱ አምኗል። በንጹሕ መደርደሪያ፣ በሽፋናቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ነው የሞቱት። ማጫወቻውስ? ሳምሰንግ በ2019 ለአሜሪካ ገበያ አዲስ የብሉሬይ ማጫወቻ አላወጣም ብሏል። ኔትፍሊክስ ዲቪዲ በፖስታ መላኩን በሴፕቴምበር 2023 አቁሟል። ዲስኩ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው ዕቃ እየጠፋ ነው።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። አንቺ የምትዪው «ባለቤትነት» አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይመስል እንደነበር ታውቂያለሽ። ሲዲ አዟሪ። ቀጥሎ ፍላሽ። ሰፈር ያለው ሙዚቃ ቤት ሄደሽ ፍላሽሽን ትሰጪዋለሽ። «ስንት ጊጋ ነው?» ይልሻል። ማውሱን እያሽከረከረ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «ህንድ ልጫንልሽ? አክሽን? የኮሪያ ተከታታይ አለ፣ አላለቀም እንጂ።» ከፊሉ ፊልም ሲኒማ ቤት ውስጥ በካሜራ የተቀረጸ ነው፤ ሰው ተነሥቶ በስክሪኑ ፊት ሲያልፍ ታያለሽ። ያ ሁሉ የኔ ነበር፣ ማንም አይነጥቀኝም ነበር። ለሠራው ሰው ግን ሳንቲም አልደረሰውም። እኛ አገር የኮፒራይት አዋጅ 410/1996 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2004) ወጥቶ እንኳ አርቲስቶች ከሲዲ አዟሪ ጋር ስንት ዓመት እንደተናነቁ የምታውቂው ነው።

ኔትፍሊክስ በጃንዋሪ 2016 ኢትዮጵያ ሲገባ ነው እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፊልም ሠሪ ክፍያ የደረሰበትን ፊልም ያየሁት። ክፍያው ዲሲ ካለችው አክስቴ ካርድ ላይ ቢቆረጥም።

ባለዲስኳ፦

አየህ? የአክስትህ ካርድ ጊዜው ያለፈ ዕለት ሲኒማ ቤትህ ይዘጋል።

መበስበሱን አልክድም። ዋርነር ያንን ሲያምን ግን ዲስኮቹ የተበላሹባቸውን ሰዎች «ቀይርልኝ» ለማለት ያበቃቸው ዕቃው እጃቸው ላይ መኖሩ ነው። ከአካውንት የጠፋ ፊልም ግን የምታሳየው ነገር እንኳ የለውም።

ግን ክርክሩን ከፕላስቲኩ እናውጣው። እኔ ክብ ነገር ማምለክ አይደለም ሥራዬ። የምፈልገው ያልተቆለፈ ፋይል ነው። ከፍዬ አውርጄ ሃርድ ዲስኬ ላይ የማስቀምጠው፣ በፈለግኩት ማጫወቻ የምከፍተው፣ ኩባንያው ቢዘጋ የማይዘጋ። «የማይሆን ነገር ነው» እንዳትለኝ። አፕል በ2009 አይቲውንስ በሚባለው መደብሩ ከሚሸጠው ሙዚቃ ላይ ቁልፉን አንሥቷል። ጎግ የሚባለው የጌም መደብር ቁልፍ የሌለው ጌም ብቻ እየሸጠ ዓመታት ቆጥሯል። የካሊፎርኒያው ሕግ ራሱ፣ አውርደህ ለዘለቄታው የምትይዘውን ፋይል አይመለከትም፤ ያንን «ግዛ» ብሎ መሸጥ ይቻላል። እና ስቱዲዮዎቹ ለምን አይሸጡልኝም?

ባለክላውዱ፦

ስለማያምኑሽ! ፋይሉ ዛሬ ከወጣ ነገ ሙዚቃ ቤቱ ፍላሽ ላይ ነው ያለው።

ደግሞ የሙዚቃውን ታሪክ ግማሹን ነው የነገርሽኝ። አፕል ቁልፉን አነሣ፤ ከዚያስ? ሕዝቡ ፋይል መግዛቱን ትቶ ወደ ስትሪሚንግ፣ ፋይል ሳይይዙ በኢንተርኔት ወደ ማዳመጥ፣ ሄደ። ያልተቆለፈ ፋይል እየተሸጠለት ትቶት ሄደ። ሰው የሚፈልገው ማየትና መስማት ነው፤ መጋዘን ጠባቂ መሆን አይደለም። እሱ የአንቺና የመሰሎችሽ ሱስ ነው።

ስፋቱንም አስቢው። ባለ 4ኬ ዲስክ እስከ 100 ጊጋ ይይዛል። እዚህ በጥቅል ለሚኖር ሰው አንድ ፊልም አውርዶ ማስቀመጥ ማለት የወሩን ጥቅል መጨረስ ነው፤ ያውም ኔትወርኩ መሃል ላይ ካልተቆረጠ። እኔ ስልኬ ላይ፣ ዝቅ ባለ ጥራት፣ ታክሲ ሰልፍ ቆሜ አያለሁ። አንቺ ስለ ግሪዶ ሽጉጥ የምትጨነቂው 24 ሰዓት የማይቋረጥ መስመርና ሰፊ ግድግዳ ስላለሽ ነው።

ባለዲስኳ፦

ይቺ ነገርህ መታችኝ፣ አልዋሽህም። ግን ኔትወርክ የሚቆረጥበት ሰው ነው እኮ ፋይሉ እጁ ላይ መኖር ያለበት! አንዴ ወርዶ ካለቀ ቴሌ ቢኖር ባይኖር ግድ የለህም። የማያምኑኝም ከሆነ፣ ስለ ሌባው ብለው የሚቆልፉት እኔ ከፋዩዋ ላይ ነው። ሌባው እንደሆነ ያልተቆለፈውን ይዞ ከሄደ ቆየ።

ስለ ሱስ ካነሣህ ደግሞ «ብሌድ ረነር»ን አስብ። በ1982 ሲወጣ ሃን ሶሎን የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ከጀርባ ሆኖ ይተርክ ነበር፤ በ1992ቱ ቅጂ ትረካው የለም፤ በ2007 ሌላ ቅጂ መጣ። (ይሄ ሰውዬ የገባበት ፊልም ሁሉ ይቀየራል ልበል?) በዚያው ዓመት በአንድ ሳጥን አምስት ዲስክ ሆኖ አምስቱም ቅጂ ተሸጠ። ትረካ ያለውንና የሌለውን ጎን ለጎን አድርገህ ፊልም እንዴት በአንድ ድምፅ መጥፋት ሌላ ፊልም እንደሚሆን ታያለህ። ስትሪሚንግ ላይ ያገኘኸውን ነው የምታየው። አብዛኛው ተመልካች አምስት መሆኑንም አያውቅም።

ባለክላውዱ፦

እሺ፣ እንቁረጠው። አንድ ነገር ላይ ልስማማልሽ። ኪራይ ከሆነ የኪራይ ዋጋ ይጠየቅበት። ለ48 ሰዓት የሚከራይ ፊልም ዋጋው ሌላ፣ «የተገዛው» ሌላ ሆኖ፣ ሁለቱም ፈቃድ ከሆኑ ልዩነቱን ለምን ከፈልኩ? እዚህ ላይ ሕጉ ጠንከር ቢል አልጠላም። ለምሳሌ፣ የገዛሁት ፊልም ከተነሣ ሻጩ የከፈልኩትን ሙሉ ገንዘብ ሳልጠይቀው ይመልስልኝ። ዲስክም አያስፈልገኝም፣ ፋይልም አያስፈልገኝም። ብሬ ተመልሶ ሌላ ፊልም እገዛበታለሁ።

ባለዲስኳ፦

ሌላ ፊልም! እኔ የምፈልገው ያንኑ ፊልም ከሆነስ? በዲስክ ካልወጣ፣ ከሁሉም ቦታ ከተነሣ፣ ብሬን ይዤ የት ሄጄ ልግዛው? ሙዚቃ ቤቱ ጋ ፍላሽ ይዤ?