መርከብ የሌለው የባህር ወንበዴ ፊልም

የባህር ወንበዴ ፊልም ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው መርከብ ነው። ሸራው፣ መድፉ፣ ማዕበሉ። የእንግሊዙ ሐመር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው «የደም ወንዝ ወንበዴዎች» ግን ከሞላ ጎደል የብስ ላይ ያልቃል። ምክንያቱ ብር ነው። ታሪኩን ያፈለቀው ጂሚ ሳንግስተር የተነገረው፣ የወንበዴ ፊልም አምጣ፣ ለመርከብ ግን አቅም የለንም ተብሎ ነበር።

እንዲህ ያሉ የድሮ ርካሽ ፊልሞችን ለመሳቅ ብቻ የሚከፍት ሰው ብዙ ነው። እኔን ያናድደኛል። ይህ ፊልም ጥሩ የሆነው ብር ስላጠረው ነው ባይ ነኝ።

መርከብ ከሌለ ወንበዴዎቹ መሬት መውረድ ግድ ይላቸዋል። ከወረዱ ደግሞ የሚዘርፉት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ታሪኩ ሁግኖት የሚባሉ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ስደት ሸሽተው የሰፈሩበት ደሴት ገባ። ሽማግሌዎቹ በእምነት ስም ሕዝቡን ቀጥቅጠው ይገዛሉ። አንደኛው የገዛ ልጁ ላይ ፈርዶ ወደ እስረኞች ሰፈር ይሰደዋል። ልጁ ያመልጥና ወንበዴዎች እጅ ይወድቃል። ለመንደሩ ሰላም እናመጣለን ሲሉት አምኖ መንገድ ይመራቸዋል። እነሱ የመጡት ለወርቅ ነው። ወርቁ ደግሞ መንደሩን የመሠረተው ሰው ሐውልት ሆኖ ይገኛል! አባት፣ ልጅ፣ እምነት፣ ወርቅ፤ ለዚህ ሁሉ መርከብ ምን ያደርጋል?

የወንበዴዎቹ አለቃ ክሪስቶፈር ሊ ነው፤ የዛሬ ወጣት «የቀለበቶቹ ጌታ» ላይ ሳሩማን ሆኖ የሚያውቀው። አንድ ዓይኑ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ግራ እጁ አይሠራለትም፤ እንዲያም ሆኖ ሲገባ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ከሁሉ የምወደው ግን ሁለት ወንበዴዎች በሴት ተጣልተው ዓይናቸው ታስሮ በሰይፍ የሚጋጠሙበትን ቦታ ነው። አንዱ ገና ወጣት የነበረው ተዋናይ ኦሊቨር ሪድ ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ጨርቅ፣ ዙሪያውን የቆሙ ወንበዴዎች፤ በቃ። ብዙ ብር የፈሰሰባቸው የጦርነት ትርኢቶች እንዲህ ትንፋሽ አስይዘውኝ አያውቁም።

ፊልሙ ላይ የሚታየው ረግረግ ለንደን አጠገብ ያለው የብላክ ፓርክ ሐይቅ ነው። ተዋናዮቹ የገቡበት ጭቃ ውሃ ግን እውነተኛ ነው፤ ድካማቸውም ፊታቸው ላይ ይታያል።

በ1964 ሐመር ትልቅ መርከብ አሠርቶ «የሰይጣን መርከብ ወንበዴዎች»ን አወጣ። አለቃው አሁንም ክሪስቶፈር ሊ ነው። ዘመኑ 1588፣ የስፔን የጦር መርከቦች በእንግሊዝ ተሸንፈዋል። የተጎዳች አንዲት መርከብ ወሬ ያልደረሰው የእንግሊዝ መንደር ትጠጋለች። አለቃው «ስፔን አሸንፋለች፣ ከእንግዲህ የምትታዘዙት ለእኛ ነው» ይላቸዋል። ያምኑታል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚያጎበድድ፣ ማን እንደሚጠረጥር ማየት ነው። መርከቧ ታምራለች፤ ፊልሙን የተሸከመው ግን ያ ውሸት ነው። እሷ ባትሠራም ይቆም ነበር።