ውዳሴ ለባለ አምስት ሌንሱ

አክስቴ 80 ዓመት የሞላቸው ዕለት የተነሣነው የቤተሰብ ፎቶ ከሦስት ሳምንት ጥበቃ በኋላ ትናንት ደረሰን። ያነሣልን በትርፍ ጊዜው ካሜራ የሚይዝ፣ በቀረው ጊዜ ስለ ካሜራ የሚያወራ ዘመዳችን ነው፤ እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው አንባቢ አለ ብዬ ስለማልገምት ጠባዩን በመዘርዘር ጊዜ አላባክንም። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት እሱንም መሰሎቹንም ላመሰግን ነው።

አስቀድሞ ትጋታቸው ይመስገን። ተራው ሰው ካሜራ የሚገዛው ፎቶ ለማንሣት ሲሆን እነሱ ግን ፎቶ የሚያነሡት ካሜራውን ለመፈተን ነው። አዲስ ሌንስ በገዙ ቁጥር የጡብ ግድግዳ ፊት ይቆሙና ያንኑ ግድግዳ በየአፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ እያሰፉና እያጠበቡ፣ ደጋግመው ያነሣሉ፤ ከዚያም ኮምፒውተር ላይ አጉልተው የጥጓ ጡብ ትንሽ ደብዘዝ ብላ ሲያዩ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሉ። «ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ብሂል በእነሱ ላይ አይሠራም፤ ግድግዳውን ገድለውታል።

ወደ አክስቴ ልመለስ። አሥራ አራት ሆነን በሦስት ረድፍ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ግቢው ውስጥ ቆምን። ዘመዳችን አንዱን ሌንስ ገጠመ፣ አየን፣ ነቀለው፤ ሌላውን ገጠመ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ በመጨረሻ አቅርቦ የሚያሳየውን 85 ሚሊሜትሩን፣ ቀዳዳው እጅግ የሚበረገደውን ባለ ኤፍ 1.2ቱን፣ እንደ አራስ ልጅ ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈትቶ አወጣው። ሁላችንን ለማስገባት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጀርባው ከአጥሩ ጋር ተላተመ፤ አጥሩ አልንቀሳቀስ ስላለው እኛን ገፍቶ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አጣበቀን። አክስቴ «ልጄ፣ አላለቀም እንዴ?» ቢሉት «አንድ ጊዜ እማማ፣ ሂስቶግራሙ ደኅና አይደለም» አላቸው፤ የፎቶውን ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ ማለቱ ነው። እሳቸውም የታመመ ሰው ስም መስሏቸው «እግዜር ይማረው» አሉ።

እንዲህ ባለው ቦታ አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ቢያጠበው ሦስቱም ረድፍ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። ነገር ግን ሌንሱ የተገዛው ተበርግዶ እንዲከፈት ነውና ማጥበቡን እንደ ንፉግነት ቆጠረው። ቀዳዳው ሲበረገድ ጥርት ብሎ የሚወጣው በአንድ ርቀት ያለው ብቻ ነውና፣ በውጤቱም መካከለኛው ረድፍ ላይ የቆመው የእህቴ ልጅ እስከ ሽፋሽፍቱ ሲጠራ፣ ከፊቱና ከኋላው ያለነው ጉም ውስጥ ቀረን። ጉሙ ግን፣ ሐቁ ይነገር፣ እጅግ ለስላሳ ጉም ነው፤ ቦኬ ይሉታል።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩ ገባ። ካሜራው ያየውን ሳይነካካ የሚያስቀምጥበት ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል በአንድ ቀለም 16,384 እርከን ብርሃን ሊይዝ ይችላል፤ የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ 256 ብቻ ነው ያለው። ዘመዳችን ይህን ለየሰዉ ሲያስረዳ ከርሞ፣ ያንን ሁሉ እርከን ይዞ የሠራው ነገር ቢኖር ሰማዩን መቀየር ነው። ጥላችን በቀትር ደንብ እግራችን ሥር ተሰብስቦ ሳለ፣ ከጀርባችን ፀሐይ በሐምራዊ ደመና መካከል ትጠልቃለች። እ.ኤ.አ. በ1975 መሐንዲሱ ስቲቨን ሳሰን የካሜራና የፊልም ኩባንያው ኮዳክ ውስጥ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ፣ 10,000 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ብቻ ያለውን ምስል ካሴት ላይ ለመቅረጽ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። እኛ በ45 ሜጋፒክስል፣ ማለትም በ45 ሚሊዮን ነጥብ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ዕድገት ይሏል ይህ ነው።

እዚህ ላይ ማሽሟጠጤን ለጥቂት ላቁም። አክስቴ ከፊት ተቀምጠው ስለነበር ከደበዘዙት አንዷ ናቸው፤ ሶፍትዌሩም የደበዘዘውን እጠግናለሁ ብሎ ከራሱ ፈጥሮ ሌላ ፊት ሰጣቸው። የ80 ዓመት ሽብሽብ በአንድ ስላይደር ተላጨ። በልጅነታቸው ወድቀው ያገኙት፣ ልጆቻቸው ሁሉ ጡት ሲጠቡ በጣታቸው የዳሰሱት የግንባራቸው ጠባሳ የለም። ማን ጠየቃችሁ? በማን ፈቃድ ነው የሰው ፊት የምትፍቁት? ለጡብ ጥግ የሚሳሳ ዓይን ለአንዲት አሮጊት ግንባር እንዴት አይሳሳም?

ማታ ፎቶውን በስልክ አሳየናቸው። የስልኩ ስክሪን ከዚያ ሁሉ ሜጋፒክስል አብዛኛውን ማሳየት ባይችልም፣ አክስቴ ግን ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረጉ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ይቺ መሀል የተቀመጠችው ሴትዮ የማን ወገን ናት?» ብለው ጠየቁ። እሳቸው መሆናቸውን ነገርናቸው። ዝም አሉና ስልኩን መለሱልን፤ ቆየት ብለውም፣ ያ ሂስቶግራም የሚባለው ልጅ ተሽሎት እንደሆነ ጠየቁን።