ዴይላይቱ የታለ?

ለንደን ውስጥ ከምድር በታች ያለች አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ማስታወቂያው ላይ «ዴይላይት እንደ ልብ» ይላል። የቀን ብርሃን ማለቱ ነው። ስገባ መስኮቷ ሰፌድ አታክልም፣ በሷ በኩል የሚታየኝም የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። «ዴይላይቱስ?» አልኩት አከራዩን። «ጠዋት ጠዋት ይመጣል» አለኝ፣ ወተት እንደሚያመላልስ ሰው።

ኪራዩን ሲነግረኝ «ዴይላይት ሮበሪ» አልኩ በሆዴ። እኛ በጠራራ ፀሐይ ዘረፈኝ እንደምንለው መሆኑ ነው፤ የእነሱም ሌባ ፀሐይ አይፈራም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አባባሉ የመጣው ከመስኮት ግብር ነው ብሎ አስረዳኝ። ግብሩስ እውነት ነው። እንግሊዝ ከ1696 እስከ 1851 ድረስ ሰውን በመስኮቱ ቁጥር ታስከፍል ነበር፤ ሰዉም ምን በወጣኝ እያለ መስኮቱን በጡብ ደፈነው፣ የተደፈኑት ዛሬም ድረስ አሮጌ ቤቶች ላይ ይታያሉ። (አከራዬ ግብሩ መቅረቱን እስካሁን የነገረው የለም መሰለኝ።) ችግሩ፣ አባባሉ በጽሑፍ የተገኘው ግብሩ ከቀረ ከስንት አሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ተረቱ ግን ስለሚያምር ማንም አይተወውም፣ እኔም ለሰው ሳወራ ይቺን የመጨረሻዋን አልጨምርም።

ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን «ዴይላይትስ» ሲሉ ዓይንን ማለታቸው ነበር። ዴይላይትህን አጨልምልሃለሁ ያለ ሰው ዓይንህን በቡጢ ሊልህ ነው። ዛሬም አንዱ ሌላውን ክፉኛ ሲደበድበው ዴይላይቱን አወጣለት ይባላል። እነሱ ሲማቱ ፀሐይ ያጠፋሉ፣ እኛ በጥፊ ኮከብ እናስቆጥራለን።

የባሰው ግን «ዴይላይት ሴቪንግ» የሚሉት የብርሃን ቁጠባው ነው። ዊልያም ዊሌት የሚባል ቤት ገንቢ በበጋ ማለዳ በፈረስ ሲያልፍ የየቤቱ መጋረጃ እንደተዘጋ አየ። ብርሃን እየባከነ ነው ብሎ በ1907 ሰዓት ይቀየር የሚል ሐሳብ አሳተመ። ሳያየው በ1915 ሞተ፣ በዓመቱ ሕግ ሆነ። ይኸው ዛሬም በየዓመቱ በማርች መጨረሻ እሑድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል።

ይህንን ሰዓቷን ከንጋት ለምትቆጥር እናት ማስረዳት ነው እንግዲህ። እሑድ እሑድ በኔ እኩለ ቀን፣ በሷ 9 ሰዓት፣ ለቡና እደውላለሁ። ያን እሑድ ስደውል እዚያ 8 ሰዓት ነው።

«ምነው ቸኮልክ፣ ደህና አይደለህም?»

«ሰዓት ተቀይሮ ነው እማዬ።»

«ማን ቀየረው?»

«መንግሥት።»

«ፀሐይዋስ ተነግሯታል?»

ዝም አልኩ።

«በል ገና አልቆላሁም፣ ቆይተህ ደውል» ብላ ዘጋችው።